የገባው የት ሄደ? የኬሚካል ምህንድስና ዲግሪ ምን ዓይነት ሰው ሊያፈራ ይገባል

  የጋበዙኝ ሰዎች ንግግሩ ከአዳራሽ ይልቅ እዚሁ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ቢሆን ምን ይመስልሃል ሲሉኝ ወዲያው ነው የተስማማሁት። ልናገር ካሰብኩት ነገር አብዛኛው ከዚህ ቦታ ሆኖ ይታያልና። ባሕር ዛፉ ከጎናችን ነው፤ ከተራራው ጎን የሚፈልቁት ምንጮች ከሥራችን ናቸው፤ ታች ደግሞ ውሃውን የሚጠጣውም የሚያቆሽሸውም ከተማ ተዘርግቷል።

የንግግሬ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ አንድ ወጣት አምስት ዓመት ኬሚካል ምህንድስና ተምሮ ሲመረቅ ምን መቻል አለበት? ጥያቄው ለትምህርት ክፍል ስብሰባ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን ልጁን የሚያስተምረውን ወላጅ፣ ምሩቁን የሚቀጥረውን ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው በታች ወንዝ ዳር ጎመን የሚያለማውን ገበሬም ይመለከታል። በመጀመሪያ የዚህ ትምህርት ሥር ነው ስለምለው ችሎታ፣ ቀጥዬ ያንን ችሎታ በራሳችን ምድርና አየር ላይ ስለመለማመድ፣ ከዚያም ስለ ተጠያቂነት እናገራለሁ። በመጨረሻ ተማሪው ይህን ሁሉ መቻሉን በምን እናውቃለን ወደሚለው እመጣለሁ።

ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ይጽፋሉ። አንዱ የትምህርቱ ግብ ነው፤ ተመራቂው ሥራ ዓለም ገብቶ ጥቂት ዓመታት ሲቆይ የት እንዲደርስ እንደምንፈልግ ይናገራል። ሌላው የመማር ውጤት ነው፤ በምረቃው ዕለት ምን ሠርቶ ማሳየት እንደሚችል ይናገራል። ኤቤት የተባለው የአሜሪካ ዕውቅና ሰጪ ድርጅት ለምህንድስና ተመራቂ ሰባት ውጤቶችን ያስቀምጣል። ውስብስብ ችግርን ለይቶ መፍታት፣ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ያገናዘበ ንድፍ ማውጣት፣ ሐሳብን ለልዩ ልዩ ሰዎች ማስረዳት፣ የሥነ ምግባር ኃላፊነትን ተረድቶ መወሰን፣ በቡድን መሥራት፣ ሙከራ ማካሄድና ውጤቱን መተርጎም፣ አዲስ ዕውቀትን በራስ መቅሰም ናቸው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጽፏቸውም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በዝርዝሩ ላይ ተቃውሞ የለኝም። የሚያሳስበኝ ሰባቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ እኩያ መምሰላቸው ነው። ተማሪው አንዱን በዚህ ኮርስ፣ ሌላውን በዚያ ኮርስ እያገኘ፣ እያንዳንዱን ሲጨርስ ምልክት እያደረገ ያልፋል። በእኔ እምነት ከሁሉ በታች አንድ ሥር አለ፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይበቅላሉ። ሥሩ ወደ አንድ ሥራ የገባውን ነገር ሁሉ ተከታትሎ የት እንደሄደ መናገር መቻል ነው።

ምርቱን ሳይሆን ሥራውን የመከተል ሐሳብ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጆርጅ ዴቪስ የተባለ፣ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ የነበረ እንግሊዛዊ በማንቸስተር ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። ሶዳ፣ አሲድ፣ ቀለም እያለ በየምርቱ ከማስተማር ይልቅ በሁሉም ፋብሪካ የሚደጋገሙትን ሥራዎች፣ ማትነንን፣ ማጥለልን፣ ማድረቅን፣ ማቀዝቀዝን፣ ነጥሎ አስተማረ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በዚህ ሙያ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። የሙያው ድፍረት እዚህ ላይ ነው። በየገጠሩ አረቄ የምታወጣው እናት፣ የባሕር ዛፍ ዘይት የሚያነጥረው ሰው፣ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል የሚያወጣው ረጅም ዓምድ አንድ ሕግ ነው የሚገዛቸው ብሎ ተነሣ፤ አስረዳም።

በእኛም አገር ትምህርቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አምስት ኪሎ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ መንገድ፣ ሕንፃና መኪና ላይ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከእርሻ መሣሪያ፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከእንጨትና ከብረታ ብረት ሥራ ጋር የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ዛሬ ኬሚካል ምህንድስና በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በባሕር ዳር፣ በኮምቦልቻ፣ በሌሎችም ቦታዎች ይሰጣል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በመደረጉ ክፍሎቹ ሞሉ። ቁጥሩ አድጓል፤ ምን መቻል አለባቸው የሚለው ጥያቄ ግን ከቁጥሩ ጋር እኩል አላደገም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። ሥር ያልኩትን ችሎታ ተማሪዎቻችን ማስ ባላንስ ይሉታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ ቁስ አይጠፋም፤ ስለዚህ ወደ አንድ ሥራ የገባው ሁሉ ወይ ወጥቷል ወይ ውስጥ ተከማችቷል። ተማሪው በሁለተኛ ዓመት ይማረዋል፣ በፈተና ይሠራዋል፣ ከዚያ እንዳለፈ ኮርስ ይረሳዋል። እኔ የምለው ይህ ልማድ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ምረቃው፣ ከምረቃውም በኋላ ሊለቀው አይገባም ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በዙሪያችን ባለው ዛፍ ላሳያችሁ።

ይህ ነጭ ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ረሃብ ያስታገሠ ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ ብታሹት የሚሸታችሁ ዘይት ለጉንፋን መድኃኒት፣ ለሳሙና፣ ለማሳጅ ገበያ አለው። እንግዲህ አንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጥቶ “እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ዘይት ማውጫ እናቋቁም” ቢለኝ ደስ ይለኛል፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ። 100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ጋን ውስጥ እንጨምር። እንፋሎት ከሥር እንልቀቅበት። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ አልፎ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው። ተማሪው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ የዘይቱን ዋጋ በኪሎ አባዝቶ ትርፉን ያሰላል።

የኔ ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል። የቀረው 98 ኪሎ የት ሄደ? እንፋሎቱስ? 100 ኪሎ እንፋሎት ተጠቅመናል እንበል። ያንን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አሙቆ ለማትነን ወደ 260 ሜጋጁል ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 15 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ምድጃችን ግን ከዚያ ሢሶውን እንኳ ውሃው ውስጥ አያገባም። ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ለሚሆን ዘይት ወደ 60 ኪሎ እንጨት አነደድን ማለት ነው። ዘይት ለማውጣት ብለን ደኑን አቃጠልነው። ይህም አላለቀም። ያ እንፋሎት ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ሙቀቱን ለማቀዝቀዣው ውሃ ያስረክባል። ማቀዝቀዣው ውሃ 25 ዲግሪ እንዲሞቅ ብንፈቅድለት ከ2,000 ሊትር በላይ ያስፈልገናል። እዚህ ተራራ ጫፍ ላይ 2,000 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል? ሞቆ ሲወጣስ ወደ የትኛው ምንጭ ይለቀቃል?

ተማሪው እዚህ ሲደርስ ፊቱ ይለወጣል፤ ምህንድስናው የሚጀምረውም ያኔ ነው። ራሱ ሒሳቡ መውጫውን ይጠቁማል። ዘይቱ የወጣለት ቅጠል ግማሹ ገደማ ውሃ ቢሆንም ቢደርቅ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ ማገዶ ይሆናል፤ እንጨቱን በአብዛኛው ሊተካ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ውሃ ሞቅ እንዳለ ወደ ማፍያው ብንመልሰው ከማሞቂያው ሙቀት ከፊሉ ይተርፋል፤ የተረፈውን ውሃ አቀዝቅዘን ደግመን ብናዞረው ምንጩን አንነካም። ግን ሒሳቡ ሌላም ነገር ይናገራል። ለብዙ ዓመታት ከዚህ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች ነበሩ፤ ያ ቅጠል በየቤቱ የእንጀራ ምጣድ ሥር የሚነድ ነው። የእኛ ምድጃ ያንን ቅጠል ከበላው የምጣዱ ማገዶ ጎድሏል ማለት ነው፤ ከመሬቱ ላይ ጠርገን ከወሰድነው ደግሞ አፈሩ ልብሱን ተገፎ በክረምት ይታጠባል። ድንበሩን ጋኑ ዙሪያ ብናሰምረው ትርፍ የሚመስለው ነገር፣ ድንበሩን ተራራው ዙሪያ ብናሰምረው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ድንበሩን የት ላስምር ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ንድፍን፣ አካባቢንና ሥነ ምግባርን በሦስት የተለያዩ ኮርሶች እስኪማራቸው አይጠብቅም።

ይኸው ጥያቄ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ሲገባ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1,000 ኪሎ ጥሬ ቆዳ የሚገኘው ያለቀለት ቆዳ ወደ 200 ኪሎ ነው። ጨው፣ ኖራ፣ ሰልፋይድ፣ ክሮም ይጨመርበታል፤ በብዙ አሥር ሺህ ሊትር ውሃ ይታጠባል። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም ሢሶው ገደማ ቆዳው ላይ ሳይቀር ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ምሩቅ ክሮሙን መልሶ መያዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ብቻ አለመሆኑን ያያል፤ ፋብሪካው በውጭ ምንዛሪ የገዛውን ኬሚካል ወንዝ ውስጥ እየደፋው ነውና። የፋብሪካን ሥራ አስኪያጅ በዚህ ቋንቋ ማናገር መቻል፣ በእኔ ግምት፣ ሐሳብን የማስረዳት ችሎታ ከሚባለው ውስጥ ዋናው ነው። የፓወር ፖይንት አቀራረብ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ሒሳብ የሚሠራው በእውነተኛ ቁጥር ነው፤ እውነተኛ ቁጥር ደግሞ ከቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪዎቻችን የሚያነቧቸው መጻሕፍት በአብዛኛው በባሕር ጠለል አጠገብ ባሉ አገሮች የተጻፉ ናቸው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። እኛ አሁን ያለነው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ጀበና ብትጥዱ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ምስርና ባቄላ ደጋ ላይ ለምን እንደሚዘገዩ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ምክንያቱ ይህ ነው። የባሕር ዛፍ ማነጠሪያችንም ሙቀቱን የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም።

ፓምፕ ላይ ደግሞ ነገሩ ከማብሰል አልፎ ገንዘብ ያስከፍላል። ፓምፕ ከሥሩ ያለውን ውሃ “ይስባል” እንላለን፤ እውነቱ ግን ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ 7.7 ሜትር ነው የሚያነሣው፤ እንጦጦ ላይ 7 ሜትር ቢሆን ነው። በተግባር ከዚያም ብዙ ያነሰ ነው። በውጭ አገር ካታሎግ ላይ ተማምኖ ፓምፑን ከውሃው 6 ሜትር ከፍ አድርጎ የተከለ ሰው ችግር ይገጥመዋል። ውሃው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ይፈላል፣ አረፋው ይፈነዳል፣ ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ብረቱ ተበልቶ ይገኛል። ፓምፑ ተበላሽቶ አይደለም። ያ ምሩቅ የፓምፕ ኮርስ ወስዷል፣ ቀመሩንም ያውቃል፤ በቀመሩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የራሱ አገር ግፊት መሆን እንዳለበት ያሳየው ሰው ግን አልነበረም። ከትምህርት ውጤቶቻችን አንዱ “ተማሪው የመጽሐፉን ቁጥር በሚሠራበት ቦታ ቁጥር ለክቶ መተካት ይችላል” ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

መለካትን ካነሣን፣ በእኔ ዕይታ የአገራችን ምርጥ የኬሚካል ምህንድስና መማሪያ ክፍል ከዚህ በስተምሥራቅ ያለው የሌገዳዲ የውሃ ማጣሪያ ነው። በክረምት የግድቡ ውሃ ይደፈርሳል። ጭቃው ራሱ እንዳይዘቅጥ ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ሙላታቸውም እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። አልሙኒየም ሰልፌት ሲጨመር ያ መገፋፋት ይረግባል፣ ደቃቆቹ ተያይዘው እንደ ጥጥ ብጥስጣሽ ይሆኑና ይወርዳሉ። ኬሚካሉን አገር ውስጥ የሚሠራው አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ነው። ምን ያህል ይጨመር ለሚለው ግን መጽሐፍ መልስ የለውም፤ የዛሬ ጠዋት ውሃ የትናንቱ አይደለምና። ስለዚህ ጃር ቴስት ይሠራል። ስድስት ብርጭቆ የዛሬውን ውሃ ይሞላሉ፤ በየብርጭቆው የተለያየ መጠን ይጨመራል። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በቀስታ ይማሰላል፤ ይቆምና ይጠበቃል። አንዱ ብርጭቆ ላይ ብጥስጣሹ ትልቅና ከባድ ሆኖ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ውሃ ይጠራል። መጠኑ ሲበዛ ሁልጊዜ የተሻለ አይሆንም፤ ኬሚካሉ ውሃውን አሲዳም ያደርገዋል፣ ኖራ ካልታከለበት ጥራቱ ተመልሶ ይበላሻል።

ይህችን ሙከራ አምስት ጊዜ አምስት የተለያየ ቀን የሠራ ተማሪ፣ ብርጭቆው ፊት ቆሞ “ሦስተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም” ብሎ የተናገረ ተማሪ፣ ሙከራ ማካሄድና ውጤቱን መተርጎም የሚለውን መስፈርት አሟልቷል። መመሪያ ተከትሎ አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ ከባለፈው ዓመት ተማሪ ሪፖርት ገልብጦ ያስረከበው ግን አላሟላም። በብዙ ላቦራቶሪዎቻችን አንድ መሣሪያ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ይቆማል፤ ሁለቱ ይነካሉ፣ ሌሎቹ ያያሉ። መሣሪያ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ስድስት ብርጭቆና የተደፈረሰ ውሃ ግን ውድ አይደሉም።

በትንሽ የተሳካ ነገር በትልቅ ስለ መሳካቱ ዋስትና አለመኖሩንም ተማሪው ሊያውቅ ይገባል። ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ በጠብታ አወጣ። ያንን ወደ ፋብሪካ የመለወጡ ሥራ የካርል ቦሽ ነበር። በ200 ከባቢ አየር ግፊትና በከባድ ሙቀት ሃይድሮጅኑ የብረቱን ቧንቧ ዘልቆ ገባ፣ ከብረቱ ውስጥ ካርቦኑን በላ፣ ቧንቧዎቹም ከቀናት በኋላ ፈነዱ። ቦሽ ሃይድሮጅኑን ለማገድ መታገሉን ተወ። ከውስጥ ካርቦን የሌለው ለስላሳ ብረት አለበሰው፤ ጭነቱን የሚሸከመውን የውጭውን ብረት ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳው፤ ዘልቆ የመጣው ጋዝ ጉዳት ሳያደርስ በቀዳዳዎቹ ተንፍሶ ይውጣ ብሎ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በሰፊው የምተርከው የገባው የት ሄደ የሚለው ጥያቄ በአንድ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እንኳ የሚጠየቅ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኦፓው የተባለው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በየማሳችን የሚበተነው ዩሪያ የዚያ ልጅ ነው።

ሦስተኛውን ክፍል ከዚያው ከኦፓው ልጀምር። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1921 ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ 4,500 ቶን ያህል ማዳበሪያ የያዘ ጎተራ ፈነዳ፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማዳበሪያው ሲጋገር በትናንሽ ድማሚት ያላሉት ነበር። ያንን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አድርገውት ምንም አልሆነም ነበር። ለእኔ የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ነው። “እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም” የሚለው አባባል ማስረጃ እንዳልሆነ የሚያውቅ፣ ፈረቃ ላይ አለቃው ቸኩሎ ሲያዘው “ቆይ፣ ይህን አላየነውም” የሚል ምሩቅ እንፈልጋለን። ሥነ ምግባር በአንድ ክሬዲት ኮርስ ትርጉም በማስያዝ አይገኝም፤ ተማሪው በየንድፉ ላይ “ይህ ቫልቭ ቢዘጋ፣ ይህ መብራት ቢጠፋ፣ ይህ ጋን ቢሞላ ምን ይወጣል፣ ወደ ማን ይሄዳል?” ተብሎ ሲጠየቅና መልስ ሲያጣ ነው የሚበቅለው።

ወደ ማን ይሄዳል የሚለውን ከዚህ ሆነን ማየት እንችላለን። ከእንጦጦ ሸንተረር የቀበናና የቀጨኔ ወንዞች ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው የሚገቡበት ውሃ ነው። ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ሲደርስ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካ ኬሚካል ተሸክሟል፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። በዳርቻው አትክልት ይለማል፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ኮምቦልቻ ያሉ ተማሪዎችም የቦርከናን ወንዝ ከግቢያቸው አቅራቢያ ያገኙታል፤ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከቆዳው፣ ከቢራው ፋብሪካ በታች ውሃ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። የትምህርት ክፍሎቻችን የመመረቂያ ንድፍ ሲያስመርጡ ተማሪዎች ሁልጊዜ በዓመት ይህን ያህል ቶን የሚያመርት የሳሙና፣ የቀለም፣ የአልኮል ፋብሪካ ያቀርባሉ። ከእነዚህ መካከል ግማሾቹ አንድ ያለ ፋብሪካ ወስደው ፍሳሹን በግማሽ የሚቀንሱበትን ንድፍ ቢሠሩ ምን ነበረበት? አዲስ ፋብሪካ መንደፍ ለተማሪ ይጥማል፤ ያለውን መጠገን ግን እውነተኛ ቁጥር ያስገድዳል፣ የሰው ፊት ያሳያል።

በቡድን ስለ መሥራትና በራስ ስለ መማር ብዙ አልናገርም። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ፋብሪካ በር ላይ የቆመ እውነተኛ ችግር ካለ ሁለቱም ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ወደ መጨረሻው ክፍል መጣሁ፦ መቻላቸውን በምን እናውቃለን? ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልገዋል። ፈተናው መጀመሩን ደግፌአለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ተማሪ የሚሰጠውን ውጤት የሚያመሳክር የውጭ ሚዛን ያስፈልግ ነበር። ሆኖም በኮምፒውተር የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ አራት መልስ ዘርዝሮ አንዱን ምረጥ ይላል። ያንን ጥያቄ መጀመሪያውኑ ማን ጠየቀው? ፋብሪካ ውስጥ ምርጫ የተዘረዘረለት ችግር የለም፤ ችግር መኖሩን የሚያይ ሰው ነው የሚጎድለው። ጃር ቴስቱን፣ የፓምፑን መንኳኳት፣ ድንበሩን የማስመር ውሳኔ የምርጫ ፈተና ሊይዘው አይችልም። አደጋው ፈተናው መኖሩ ሳይሆን ትምህርት ክፍሎች አምስተኛውን ዓመት ወደ ጥያቄ ማለማመጃ ወራት መለወጣቸው ነው።

ፈተናው ሊይዘው የማይችለውን የሚይዘው ኢንተርንሺፕ ነው። ተማሪዎቻችን በአራተኛው ዓመት አንድ ሴሚስተር ኢንዱስትሪ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከመላው ሥርዓተ ትምህርት እጅግ ውድ የምለው ጊዜ ይህ ነው። አንዳንዱ ተማሪ በዚያ ጊዜ መዝገብ ሲያደራጅና ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ይከርማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፋብሪካው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ያገኛል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ይዞት የሚሄደው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከፋብሪካው አንድ ክፍል ብቻ ተሰጥቶት፣ የዚያን ክፍል ገቢና ወጪ ራሱ ለክቶ፣ ያልተገናኘውን ልዩነት በኪሎ ጽፎ እንዲመለስ እንጠይቀው። ሒሳቡ አልገጠመም ብሎ ቢመለስ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ያልገጠመው ቦታ ላይ ወይ የሚያፈስ ቧንቧ አለ፣ ወይ የተሳሳተ መለኪያ አለ፣ ወይ ማንም ያልመዘገበው ፍሳሽ አለ። መምህሩ ደግሞ ቢሮው ሆኖ ሪፖርት ከመቀበል ይልቅ ቦታው ድረስ ሄዶ ተማሪውን በማሽኑ ፊት ይጠይቀው። የፋብሪካ ባለቤቶች እዚህ ካላችሁ፣ የምለምናችሁ በር እንድትከፍቱና ተማሪው የራሳችሁን መለኪያ እንዲያነብ እንድትፈቅዱ ነው።

ይህን የምለው ተማሪዎቻችን የሚለኩት ትልቅ ፋብሪካ የሚመጣበት ጊዜ ቅርብ ስለሆነ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርመዋል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል፣ ጋዙ ከካሉብ የጋዝ መስክ ይመጣል፣ ግንባታው 40 ወር ይወስዳል ተብሏል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጧል። በ2018 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ዕቅዱ ከተጠበቀ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር አራተኛ ዓመት ላይ ይሆናል፤ የኢንተርንሺፕ ዓመቱ ማለት ነው። ጎዴ ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር አይበልጥም፤ ውሃው እዚያ ከ100 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይፈላል። ማቀዝቀዣው ግን በሞቃት አየር ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እንጦጦ ላይ የተማረው ቁጥር ሁሉ እንደገና መለካት አለበት። 1,000 ኪሎ ዩሪያ ለመሥራት 567 ኪሎ አሞኒያና 733 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። ሁለቱን ደምሩ፤ 1,300 ነው። የቀረው 300 ኪሎ ውሃ ነው፤ አሞኒያና ዩሪያ የተቀላቀለበት ውሃ። በ3 ሚሊዮን ቶን ላይ በዓመት 900,000 ቶን ይሆናል። ጎዴ ደግሞ የዋቢ ሸበሌ ዳር ከተማ ናት። ያንን ውሃ አጣርቶ መልሶ መጠቀም በሌሎች አገሮች የሚሠራበት የታወቀ ቴክኖሎጂ ነው። በ2018 ዓ.ም. ከገቡት ተማሪዎች አንዷ አራተኛ ዓመት ላይ ሄዳ ያንን 300 ኪሎ እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ ተከትላ እንድትመዘግብ፣ ትምህርት ክፍሎቻችን ከፋብሪካው ባለቤቶች ጋር ስለ ተማሪዎች ቦታ ንግግሩን ከአሁኑ፣ ግድግዳው ሳይቆም፣ ቢጀምሩ እወዳለሁ።